ሰኔ ሰባት የተፈረመ ቅጽ

ሰኔ 1፣ ሰኞ

አዲሱ የቁጥጥር ዙር ዛሬ ተጀመረ። ለእኔና ለሜትር አሥራ አራት ቁማር ቤት ደርሶናል። ሜትር የምለው የሥራ ባልደረባዬን ነው። ያን ባለ ጎማ መለኪያ እየገፋ ሲሄድ መንገደኛው ሁሉ አይስክሬም ሻጭ ይመስለዋል።

መጀመሪያ የገባነው ጨዋው ቤት ነው። ለባለቤቱ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰው ሲገባ ከወንበሩ ይነሳል፣ «እመቤቴ» ይላል፣ ጃንጥላ ይቀበላል። እጁ ለስላሳ ነው። እንደዚያ ያለ እጅ ያለውን ሰው እናቴ አታምንም ነበር፤ እኔም አላምንም።

ሕጉ የሚጠይቀውን አንድ በአንድ አየሁ። የግድግዳ ሰዓት ከሁሉም ማሽን ፊት መታየት አለበት፤ ይታያል፣ ደቂቃ እንኳ አላዛነፈም። መስኮቱ መጋረጃ ሊኖረው አይገባም፤ የለውም። በፈቃዳቸው ራሳቸውን ያሳገዱ ሰዎች ዝርዝር ከነፎቶው ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ መለጠፍ አለበት፤ ተለጥፏል፣ ያውም በፕላስቲክ ተሸፍኖ። ቆሽቴ አረረ። ሌሎቹ ቤቶች ቆሻሻ ናቸው፣ ገና ከበር ያመናጭቁሻል፣ ቢያንስ ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ። ይኼኛው አጥቦና አስተኝቶ ነው የሚያርደው።

«ጉድለት አላገኙም መሰለኝ» አለኝ በሩ ላይ።

«ገና አልጨረስኩም» አልኩት።

ታናሽ ወንድሜን የበላው ይህ ቤት ነው። ይህን ለሜትርም ለአለቃዬም አልተናገርኩም። ሥራና ቤት ለየቅል ነው።

ሰኔ 3፣ ረቡዕ

ሜትር ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ጨዋው በር ለካ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር። ሕጉ የሚለው ከሁለት መቶ እንዳያንስ ነው። ድገም አልኩት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። በትምህርት ቤቱ የኋላ በር በኩል ለካው አልኩት።

«የኋላ በሩ እኮ በግንብ ከተደፈነ ስንት ዓመቱ።»

«ድሮ በር አልነበረም?»

«እትዬ፣ ድሮማ ይሄ ሁሉ ጫካ ነበር» ብሎኝ ጎማውን እያንከባለለ ሄደ።

ሳቀብኝ። ይሳቅ። ጥርሱ እስኪረግፍ ይሳቅ።

ሰኔ 7፣ እሑድ

ወንድሜ ከሚስቱ ጋር መጣ። ሚስቱ ገና ሳትቀመጥ «እትዬ፣ የብየዳ ማሽኑን ሸጠው» አለችኝ። እሱ ጫማውን ያያል። በያጅ ነው፤ የሰፈሩን ግማሽ በርና መስኮት የሠራው እሱ ነው። ያን ማሽን ስንገዛ አብሬው ነበርኩ፤ እንደ ሙሽራ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ነበር ያመጣነው።

የአፌን ሁሉ ተናገርኩ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። እናትና አባታችን ሲሞቱ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እሱንም አነሳሁበት። የሰጠሁትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ቆጠርኩበት። እስክጨርስ ጠበቀና፦

«እታለም፣ ስድቡ ይቆይሽና ያን ወረቀት ስጪኝ» አለኝ።

ራስን የማሳገጃ ቅጹን ነው። አንድ ሰው «ለአንድ ዓመት የትኛውም ቁማር ቤት እንዳያስገባኝ» ብሎ ይፈርማል፣ ሁለት ፎቶ ያያይዛል፣ ራሱ ቀርቦ በመዝገብ ቤታችን መስኮት ያስገባል። በየዓርቡ አዲሱ ዝርዝር ለሁሉም ቤቶች ይላካል። ዝርዝሩ ላይ ያለን ሰው ያስገባ ቤት ይታሸጋል።

«ራስህ ነህ የምታስገባው» አልኩት። «ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«መስኮቷ ላይ ያለችው ሴት ታውቀኛለች። የአንቺ ወንድም መሆኔንም ታውቃለች። ሞቼ ነው የምገኘው!»

ይኼስ እውነቱን ነው። የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ወሬኛዋ የምላት በከንቱ አይደለም። እሷ ጠዋት የሰማችውን ከምሳ በፊት ዘበኛው ይሰማዋል። ከቦርሳዬ ቅጽ አውጥቼ ሰጠሁት፤ እስክሪብቶም ሰጠሁት። እንደ ተማሪ አጎንብሶ ሞላው። ሚስቱ ከቦርሳዋ ሁለት ፎቶ አወጣች፤ ለካ አስባበት ነው የመጣችው።

«ከነገ ጀምሮ ቢያዩኝ ያባርሩኛል አይደል?»

«አንገትህን ይዘው ነዋ።»

ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል፤ አንጀቴን በላው። ቅጹ እንዳይታጠፍ በዚህ ደብተር መሃል አኖርኩት። ነገ ጠዋት አስገባለታለሁ።

ሰኔ 8፣ ሰኞ

አላስገባሁም። ወሬኛዋ መስኮቷ ላይ ብስኩት ዘርግታ «እትዬ ነይ ቅመሺ» እያለች ሰው ሁሉ ከቧት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ደንባችን ዘመዱ ዝርዝሩ ላይ የገባ ተቆጣጣሪ ወዲያውኑ ያሳውቃል፣ ዘመዱ ከሚዘወትርባቸው ቤቶች ቁጥጥርም ይነሳል ይላል። ቅጹን ባስገባሁ ዕለት ጨዋው ከእጄ ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ ለማን ሊሰጡት? ወንበር ስበው ላስቀመጡት ሁሉ ለሚፈርም ሰው። የለም። መጀመሪያ ያን ቤት አሽጋለሁ፣ ከዚያ ቅጹን አስገባለሁ። አንድ ሳምንት ቢፈጅ ነው። ወንድሜ እንደሆነ ታግጃለሁ ብሎ ያምናል፤ ዋናው እሱ ነው።

ሰኔ 12፣ ዓርብ

ዝርዝሩ ተላከ። አሥራ አንድ አዲስ ፎቶ። የሚቀጥለው ዓርብ ይደርሳል።

ሰኔ 17፣ ረቡዕ

ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ ዝናብ። ምሳ አልበላሁም።

ከደረጃው ሥር የመሥሪያ ቤታችንን ሹፌር ድምፅ ሰማሁ፤ «ሴትዮዋ ጨዋውን የያዘችበት አያያዝ ጤና አይደለም፣ ምናልባት ዓይኑን አላነሳላት ይሆናል» ይላል። የሴት ሳቅ ተከተለ። የወሬኛዋ ነው፤ ሌላ እንዲያ የሚስቅ የለም። እኔን! ከዚያ ሰውዬ ጋር! ይህን አልረሳላትም።

ሰኔ 19፣ ዓርብ

መስኮቱ ላይ የሰዉ ብዛት። አላስገባሁም።

ሰኔ 21፣ እሑድ

ወንድሜ ቤት ዋልኩ። ማሽን ተከራይቶ በሩ ላይ የሰው መዝጊያ እየበየደ አገኘሁት። ከስቷል፤ ዓይኑ ግን ጠርቷል። ሚስቱ በሹክሹክታ «እንቅልፍ ይተኛል እኮ፣ እትዬ» አለችኝ፣ እንደ ተአምር።

ጓንቱን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ታውቂያለሽ እታለም፣ በዚያ በር በኩል ሳልፍ ፎቶዬ ግድግዳው ላይ አለ ብዬ አስባለሁ። እግሬ ራሱ ይታጠፋል። ተባርሬ ሰው ሲያየኝ ይታየኛል። እስከ ዛሬ ለምን አልሰጠሽኝም ነበር?»

ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ወረቀቱ የትም ይሁን የት ሥራውን እየሠራ ነው። ታዲያ ምን አስቸኮለኝ?

ሰኔ 26፣ ዓርብ

አለቃችን ጠርቶ የቡድን መሪነቱ ቦታ በነሐሴ እንደሚሞላ ነገረኝ። «እንዳንቺ ያለ ጠንካራ ሰው ነው የምንፈልገው» አለኝ። በዚህ ሰዓት ከግማሽ ቤቶቼ ልነሳ? ለጠላት ሰርግና ምላሽ ነው።

ሐምሌ 1፣ ረቡዕ

ጨዋው ቤት ለሦስተኛ ጊዜ። የእሳት ማጥፊያው ጊዜ ሊያልፍ ሁለት ቀን ይቀረዋል። ሁለት ቀን!

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

በዕረፍት ቀኔ ሄድኩ። ቀይሮታል። «እርስዎ እኮ ባይኖሩ እንዘናጋ ነበር» አለኝ። እግዜር ይይለት፤ በየትኛው በኩል እንደሚነከስ ያልታወቀ ሰው ነው።

ሐምሌ 8፣ ረቡዕ

የወንድሜ ሚስት ደወለች። ገብቷል። ዛሬ፣ በጠራራ ፀሐይ። የሰው ማሽን አስይዞ። ሌላ ነገር አልገባኝም፣ ታለቅሳለች። ለሜትር ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ

ትናንት ልጽፈው አልቻልኩም።

አንድ ደንበኛ መዝጊያውን ወስዶ «ነገ ና» ብሎት ነበር፤ ተናዶ በዚያ በር በኩል አለፈ። ቆመ። ሊገባ እንዳልነበር ይምልልኛል።

«እንዲያባርሩኝ ነው የቆምኩት፣ እታለም። እውነቴን ነው። በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን አስገብቼ ጠበቅሁ። አባርሩኝና ልሂድ ብዬ።»

«እሺ?»

«ከወንበሩ ተነሳ። ‹ምነው ጠፋህ፣ እንኳን ደህና መጣህ› ብሎ ጃኬቴን ተቀበለኝ።»

እሱ ቀጠለ፤ ፎቶዬን እያየ አስገባኝ፣ ፊርማዬ ላይ ተፋበት፣ ለእነሱ ሕግም ሰውም የለም ይላል። ቀንና ሰዓቱ የታተመበትን የውርርድ ወረቀት በእጁ ጨብጦ ያወዛውዘዋል። ሚስቱ «እትዬ፣ አሁንስ ታሽጊዋለሽ?» አለችኝ።

«አሽገዋለሁ» አልኳት።

ቁጣዬ የእውነት ነው። ባለፈው አንድ ወር ያየኝ ሁሉ ይመስክር፤ ያ ቤት ካልተዘጋ ሰው እንደሚጎዳ ከማንም ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት ማንም አልነበረም። የቀን ማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቁጥሩ በጣት የሚዞር ነው። ወሩን አንድ፣ ቀኑንም አንድ ወደ ኋላ። ሰኔ 8። መታሁት፤ መልሼ አዞርኩት። ቅጹን ከሰኔው ማህደር ውስጥ በቀኑ ቦታ አስገባሁት። ደግሞስ ምን ዋሸሁ? ፊርማው የእሱ ነው፣ ፎቶው የእሱ ነው፣ ፍላጎቱ የእሱ ነው። መግባት የነበረበት በዚያን ቀን ነው፤ ገባ። ቤቶቹ ያለፈ ሳምንት ዝርዝር አያስቀምጡም፣ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን መስተዋት ነው የሚያጸዱበት። ጨዋው «አልነበረም» ቢል ማን ያምነዋል?

ስለ ወሬኛዋ አላሰብኩም። ማህተሙ የእሷ መሆኑ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው።

ሐምሌ 10፣ ዓርብ

የወንድሜ ሚስት ጥቆማውን ከውርርድ ወረቀቱ ጋር ጠዋት ለአለቃችን አስገባች። ተከትዬ ቢሮው ገብቼ «በዚህ ጥቆማ ላይ ያለው ሰው ወንድሜ ነው፤ ራሱን ማሳገዱን ያወቅኩት ገና አሁን ነው፣ ስለዚህ እኔ ከነገሩ ልውጣ» አልኩት። ተነስቶ ጨበጠኝ። ሀቀኝነቴ ለሁሉም አርአያ ነው አለ።

ያሸገው ሜትር ነው። እኔ ከመንገዱ ማዶ በጃንጥላ ሥር ቆሜ አየሁ። ጨዋው ፎቶውን ተቀብሎ ደጋግሞ አየውና አንድ ነገር ተናገረ፤ ሜትር ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱ ተለጠፈ፣ የእርሳስ ማሸጊያው ተቆለፈ። አንድ ወር ሙሉ የጠበቅኩት ነገር ነው። ደስታው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው እንኳ አልቆየልኝም።

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

ጨዋው ይግባኝ አለ። ማህደር ይዞ መጣ። የየዓርቡን ዝርዝር ከነማህተማችን በቀን በቀን ደርድሮ፣ እያንዳንዱን በፕላስቲክ ከትቶ። አስቀምጦታል። አንዱንም ሳያጎድል አስቀምጦታል! በአንዱም ላይ ወንድሜ የለም።

አለቃችን ዝርዝሮቹን ገለጠ፣ ቅጹን ገለጠ። «ሰኔ 8 ተቀብለናል፤ አልላክንም። ጥፋቱ የመዝገብ ቤት ነው ማለት ነዋ» አለ። ዞሮ አየኝ።

የእምዬን ወደ አብዬ ይላሉ። እኔ ግን ወደ ማንም አላላከክሁም። ዝም ነው ያልኩት።

ሐምሌ 16፣ ሐሙስ

ወሬኛዋ ብስኩት አላመጣችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የዓመቱን ማህደር አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ሳልፍ ቀና ብላ «ዘጠኝ ዓመት አንድ ቅጽ ጠፍቶብኝ አያውቅም፣ እትዬ» አለችኝ። ሜትር ኋላዬ ስለነበር ቶሎ አለፍኩ። መንገድ ላይ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ብቻ» አለኝ። ምን ለማለት እንደፈለገ አልጠየቅኩትም። ያ ሰው መለካት እንጂ ማሰብ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሐምሌ 19፣ እሑድ

ወንድሜ ለምስክርነት ተጠርቷል። ልነግረው ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ብዙ ጠበቅሁ። ሲከፍትልኝ «አጭር አጭር መልስ፣ የተጠየቅኸውን ብቻ» አልኩት። «እውነቱን ከተናገርኩ ምን ረጅም አጭር አለው?» አለኝ። ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

እኔ ፈሪ አልነበርኩም። ለዚያ ልጅ ስል ከስንቱ ጋር የተናነቅኩ ሴት ነኝ።

ሐምሌ 22፣ ረቡዕ

እንደነበረ ልጻፈው።

ሦስት የይግባኝ ሰሚ ሰዎች ከረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ። ጨዋው በአንድ በኩል፣ ወሬኛዋ በሌላ በኩል። እኔ እንደ ዘመድ ከግድግዳው ሥር ተቀምጫለሁ። ሰብሳቢው ቅጹን አንስቶ አነበበ፦ «ሰኞ ሰኔ 8፣ አመልካቹ ራሱ ቀርቦ አስገብቷል።» ወንድሜ ቀና አለ። ፊቱን አየሁት። በያጅ ነው፣ ሁለት ብረት ሳይገጥም ከሩቅ ያውቃል።

«ቅጹን ለማን ሰጠህ?»

ዞሮ አየኝ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። የጠረጴዛው ጠርዝ ተልጧል፣ አንድ ሰው በማጣበቂያ ሊያስተካክለው ሞክሮ ትቶታል። ልነሳ እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር።

«ለእሷ» አለ። እጁን ወደ ወሬኛዋ ዘረጋ።

ወሬኛዋ አልጮኸችም። ትጮሃለች፣ ትሳደባለች፣ ትምላለች ብዬ ነበር። ወንድሜን ትክ ብላ አየችውና፦ «እኔ እሱን ባየው የምረሳው አይመስለኝም ነበር። ግን ከማህደሬ ነው የወጣው፣ ማህተሙም የእኔ ነው። ያን ሰኞ ልጄ ታማብኝ ሐሳቤ እዚያ ነበር። ረስቼው ይሆናል» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አለች። ጨዋው ተነስቶ መሐረብ ሰጣት። ያ ለስላሳ እጅ። ጠላሁት። እዚያ ክፍል ውስጥ ደህና ሰው መስሎ የታየው እሱ ስለነበር ጠላሁት።

ኮሪደሩ ላይ ወንድሜ ደረሰብኝ።

«እሑድ ነበር፣ እታለም። ቤትሽ። እስክሪብቶውን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«አንድ ወር ሙሉ ፎቶዬ እዚያ አለ ብዬ ነው የኖርኩት። የት ነበር?»

ደብተሬ ውስጥ ልለው አልቻልኩም።

«ስምህ እንዳይጎድፍ ብዬ ነው» አልኩት።

«ስሜ እንዳይጎድፍ» አለ። «ዛሬ ሴትዮዋን በጣቴ ስጠቁም የማን ስም ነበር?» ከዚያ ደረጃውን ወረደ። ልከተለው አልኩና ሰብሳቢው በሩን ከፍቶ ሲወጣ አይቼ ፈገግ አልኩለት።

ሐምሌ 24፣ ዓርብ

የጨዋው ቤት ተከፈተ። የይቅርታ ደብዳቤ ተጻፈለት። የዛሬው ዝርዝር ተላከ፤ ሰባት ፎቶ፣ አራተኛው ወንድሜ። ስልኩን አያነሳም። ሚስቱ አንስታ «ሥራ ላይ ነው» አለችኝ፤ እትዬ አላለችኝም።

ሐምሌ 28፣ ማክሰኞ

የቡድን መሪነቱ ደብዳቤ ጠዋት ደረሰኝ። የወሬኛዋም ስንብት በዚያው ሰዓት፣ በአንድ ፖስታ አመላላሽ እጅ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን በካርቶን ስትሰበስብ በመዝገብ ቤቱ በር አለፍኩ። ሌላ መንገድ ነበረ፤ ለምን በዚያ እንደሄድኩ አላውቅም። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ የልጅቷ ፎቶ፣ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ። ሹፌሩም ዘበኛውም ሊሰናበቷት አልመጡም። ስታየኝ ዓይኗን ጠርጋ ቆመች።

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ከፍቼ ነበር። ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ ስለ ወንድምሽ እንቅልፍ አጣሁ» አለችኝ። «አምኖ እጄ ላይ አስቀምጦት ሄዶ፣ እኔ ረስቼው ያ ሁሉ ደረሰበት። እባክሽ ይቅርታ በይልኝ። ፊት ለፊት ልለምነው አፍሬ ነው።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

ካርቶኑ ከብዷት ስለነበር በአንድ በኩል ይዤላት እስከ ውጪው በር ሸኘኋት።